ፀሐይ ሳትገባ የሚደረስበት አገር

ገዳሙ በየጠዋቱ ሁለት በሬዎቹን እየነዳ ከአማኑኤል ከተማ ዳር አስፋልቱን ይሻገራል። ከመንገዱ ማዶ መስክ ያለው ገበሬ ሁሉ ይሻገራልና መሻገሩ ብቻውን የሚወራ ነገር አይደለም። ገዳሙ ግን የሚሻገረው ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ከመታጠፊያው ብቅ እስኪል ጠብቆ ነው። በሬዎቹን አስፋልቱ መሐል ላይ ያቆምና ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ይፈታል። ፈትቶ ሲያበቃ መልሶ ያስረዋል። ሾፌሩ ጡሩምባውን ያስጮኻል፤ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይራገማል። ገዳሙ በዝግታ ቀና ይልና ተሳፋሪዎቹን በመስታወት ውስጥ ያያቸዋል፤ እንቅልፍ ያልጠገበውን፣ ፌስታሉን ያቀፈውን፣ መኪናው ገና ሳይርቅ ሆዱን የያዘውን።

«እዚያ ምን አስቀምጣችኋል?» ይላቸዋል።

መልስ አይጠብቅም። በሬዎቹን ቸብ ቸብ አድርጎ መንገዱን ይለቃል። ሾፌሮቹ «ኬላው» የሚል ስም አውጥተውለታል።

ገዳሙ መንገደኛ ይንቃል። በርበሬ ጭኖ ሄዶ ሳሙና ጭኖ የሚመለሰውን ነጋዴ ይንቃል። ለአንድ ፊርማ ባሕር ዳር ሦስት ጊዜ የሚመላለሰውን የመንግሥት ሠራተኛ ይንቃል። ለፋሲካ ከአዲስ አበባ መጥቶ በገዛ አባቱ ግቢ ውስጥ ጭቃ እንዳይነካው በጣቱ የሚራመደውን ከሁሉም አብልጦ ይንቃል። እሱ ራሱ በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው በእግሩ ዞሯል፤ አባቱ ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ እርፍ ጨበጠ። ከዚያ ወዲህ በጉዞ ነገር ያለው ሐሳብ አጭር ነው። «ሰው ከቤቱ የሚወጣው ወይ ሊማር ወይ ሊቀብር ነው፤ የቀረው ቅብጠት ነው» ይላል። ሰሚው ቢስቅ እሱ አይስቅም።

ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። የመጀመሪያዋን ሥራነሽን ለአንድ ነጋዴ ዳረና ነጋዴው ከአባይ ማዶ፣ ከነቀምት ወዲያ ወሰዳት። በሦስተኛው ዓመት ታማለች የሚል ቃል መጣ። ገዳሙ ስንቅ ሳይቋጥር ተነሣ፤ ጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠለ፣ ቡሬ አደረ፣ ወንዙን ተሻገረ፣ ሌላ መኪና ለመነ። ሲደርስ የልቅሶው ድንኳን እየተነቀለ ነበር። ካስማ የሚነቅል አንድ ጎረምሳ «ማንን ፈልገው ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ከዚያ ተመልሶ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። በንስሐ አባቱ በቄስ ወልደ ገብርኤል ፊት፣ ደጀ ሰላሙ ሥር ቆሞ ማለ።

«ጎሕ ሲቀድ ከቤቴ ተነሥቼ ፀሐይ ሳትገባ ደጇን በማልረግጥበት አገር ልጅ አልድርም።»

ሰው የማለውን ሁሉ ቢጠብቅ አገር ገዳም በሆነ ነበር፤ ገዳሙ ግን ጠበቀ። ሁለተኛዋን አርሴማን ከቁይ ሊጠይቁ በመጡ ጊዜ ሽማግሌዎቹን ቀጠሮ ሰጥቶ ሸኛቸው። አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ዱላውን ይዞ ተነሣ፤ እግሩም መኪናም ያደረሰውን ያህል እያደረሰው ሄዶ የአማቾቹን በር አንኳኳ። ፀሐይዋ ከአድማስ ገና አንድ ክንድ ከፍ ብላ ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ ያቺን ፀሐይ አየና «ይሁን» አለ። አርሴማ ተዳረች። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ሰው «ገዳሙ ልጅ ከመስጠቱ በፊት መንገድ ይቀምሳል» ይላል፤ በቁም ነገርም በፌዝም።

የቀረችው ሦስተኛዋ ነበረች፤ ሂዊ። ዩኒቨርሲቲ ፋርማሲ ተምራ ደብረ ማርቆስ አንድ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አንደበቷ የአባቷ ነው። አንድ ደንበኛ ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒት ስጪኝ ቢላት «ከሞቱ በኋላ ይምጡ፣ ያኔ ትእዛዝ አያስፈልግም» ብላ የመለሰች ልጅ ናት። ይህችን ልጅ ፈልገው ነው እንግዲህ በጥቅምት ወር፣ በአንድ እሑድ፣ ሦስት ሽማግሌዎች የገዳሙ ደጅ ላይ የቆሙት።

አንደኛው ቄስ ወልደ ገብርኤል ነበሩ፤ የገዳሙን መሐላ የሰሙት እሳቸው ስለሆኑ ሆን ተብሎ የተመረጡ ናቸው። ሁለተኛው ሂዊን ሊያገባ የሚፈልገው ልጅ አጎት መሳፍንት ሲሆን ከመምጣቱ በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም። ሦስተኛው አወቀ ነው።

አወቀ የጉንደ ወይን ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ርእሰ መምህር ሆኖ ኖሮ ጡረታ ሲወጣ ደወሉን ለትምህርት ቤቱ ትቶ ድምፁን ይዞ ወጣ። በሁለት ወረዳ ውስጥ ያለ እሱ የሚላክ ሽማግሌ የለም፤ አንዳንዱ ቤተሰብ አፉ እንዲያግባባለት፣ አንዳንዱም ባይወስደው ስለሚያማው ይወስደዋል። የአውሮፕላን ደረጃ ረግጦ አያውቅም። ነገር ግን ከየትኛውም ከተማ ወደ የትኛውም ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚበረር ስልኩን ከፍቶ ይናገራል። አንድ ጊዜ ልቅሶ ቤት ተቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ከአዲስ አበባ እስከ ቤይጂንግ ያለውን ርቀት ለሐዘንተኞቹ የነገረ ሰው ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ። ገዳሙ እንደ ወጉ ተቀመጡ አለ። ሦስት ጊዜ ተባባሉና ተቀመጡ።

«አቶ ገዳሙ» አለ አወቀ፣ «የመጣነው ልጅዎን ሂዊን ለልጃችን ለአንሙት እንዲሰጡን ነው። ልጁን ያውቁታል፤ እኛው ዘንድ ጉንደ ወይን ተወልዶ ያደገ፣ ከሂዊ ጋር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ነው። አሁን ለንደን በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ይሠራል።»

«ለንደን» አለ ገዳሙ።

«መሐላዎን እናውቃለን። መሐላ ያፍርሱ ልንል አልመጣንም፤ እዚህ ቄስ ተቀምጠዋል። መሐላው ሳይፈርስ ልጅቷ ትሄዳለች ነው የምንለው።»

ገዳሙ ቄሱን አያቸው። ቄሱ የመስቀላቸውን እጀታ ተመለከቱ።

አወቀ ስልኩን አወጣ። መነጽሩን አደረገ፣ አውልቆ ጠረገው፣ እንደገና አደረገው። «ከአዲስ አበባ ለንደን አምስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በረራው ስምንት ሰዓት ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ይኸው ተጽፏል።»

«ማን ጻፈው?»

«ኢንተርኔት።»

«የማን ልጅ ነው?»

መሳፍንት ሊስቅ ሲል የአወቀን ፊት አይቶ ተወው። አወቀ ስልኩን ለገዳሙ አቀበለው። መስታወቱ ላይ ሁለት ነጥቦች ነበሩ፤ አንዱን ከሌላው አንዲት ቀጭን መስመር ታገናኛቸዋለች። ገዳሙ መስመሯን በአውራ ጣቱ ጥፍር ተከተላት።

«ይህች መስመር ከቤቴ አትነሣም» አለ። «እኔ አባይ በረሃን የምወርደው የት ላይ ነው?»

«ወደዚያው መምጣቴ ነው!» አለ አወቀ፤ አንድ ተማሪ የጠበቀውን ጥያቄ እንደ ጠየቀው ሁሉ ፊቱ በራ። «ይስሙኝ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከአማኑኤል ይነሣሉ። ሰባት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ይገባሉ። ስምንት ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ይነሣል እንበል። ስምንት ሰዓት ሲበር በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት ይሆናል።»

«ፀሐይ የገባች አራት ሰዓት ሆኗታል።»

«እዚህ! እዚያ ግን ገና ነው። አውሮፕላኑ የሚሄደው ፀሐይ ወደምትሄድበት ነው፤ እየተከተላት ነው ማለት ነው። በሰኔ ወር እነሱ ከእኛ በሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ስለዚህ እዚያ ሲደርሱ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ በሰኔ ፀሐይ የምትገባው...» አወቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፈተና ውጤት የተናገረበት አነጋገር ይህ ነው። «ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከቤትዎ ተነሥተው፣ ፀሐይ ሳትገባ የልጅዎን ደጅ ይረግጣሉ። እንዲያውም አንድ ሰዓት ይተርፍዎታል።»

የገዳሙ ሚስት ጥሩብርሃን ከጓዳ በር ላይ ጠላ የያዘ ገንቦ ታቅፋ ቆማ ነበር፤ መቅዳቱን ረሳችው።

ገዳሙ ስልኩን መለሰለት። «ታዲያ ልጄ የምትታመመው በሰኔ ብቻ ነው?» አለ።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው ሳሉ።

«በሌሎቹ ወራት ትንሽ ሊለያይ...»

«በሰኔስ እኔ የት ነኝ? በሬ ጠምጄ አይደለም? ፀሐይዋን ተከትዬ ለንደን ስሄድ ጤፌን ማን ይዘራልኛል፣ አንተ ትዘራለህ?» እርስዎ የነበረው እዚህ ላይ አንተ ሆነ። «ስምንት ሰዓት ላይ የሚነሣ አውሮፕላንስ አለ?»

«አይጠፋም።»

«አይጠፋም!» ገዳሙ ቃሏን እንደ ነቀዘ ባቄላ ነው የተፋት። «ፀሐይዋ እንደ ሰካራም የምታመሽበት አገር ልጅ ስጠኝ ትለኛለህ፤ መሳፈሪያውን ስጠይቅህ አይጠፋም ትለኛለህ። ይኸው ነው የቆጠርከው?»

«ልጄ» አሉ ቄስ ወልደ ገብርኤል፣ «ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። ልጅቷም ትወደዋለች ይባላል። ነገሩን አስብበት።»

«አስባለሁ፣ አባ። እንደ ልማዴ መንገዱን እቀምሰዋለሁ። በሦስተኛው እሑድ ተመለሱ።»

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ጥሩብርሃን ገንቦውን አስቀመጠች። «አንተ ፀሐይ ስትለካ ልጅቷ ታረጃለች» አለችው። ገዳሙ የሚንቀውን ሰው በአደባባይ የሚያዋርድበት መንገድ ከፊቱ ተዘርግቶ ስለታየው ደስ ብሎት ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመና ለአውቶቡሱ እጁን ዘረጋ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ።

«ኬላው ራሱ ሊሳፈር ነው!» ብሎ ጮኸ ረዳቱ። «ኧረ እንፈትሸው!»

ተሳፋሪው ሳቀ። ገዳሙ የሚስቁትን ፊቶች ቆጥሮ እንደሚያስቀምጥ ሰው አንድ በአንድ አያቸውና በቀኝ በኩል፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ከጎኑ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሁለት ሻንጣ በጉልበቷ ይዛ ነበር። ጣሪያው ላይ ቦታ አለ ቢሏት «የእህቴ ዕቃ ነው፣ ቤሩት ልሸኛት ነው» ብላ እምቢ ያለች ናት።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ገብተው ተሳፋሪ እስኪሞላ ቆሙ። ከዚያ ሉማሜ ላይ አንዱ በግ ካልጫንኩ አለና ክርክር ተነሣ። ገዳሙ ተሳፋሪውን እያየ ናቀ። ሁሉም ቸኩያለሁ ይላል፤ መኪናው ሲቆም ግን ሁሉም ወርዶ ሻይ ያዝዛል። ሁሉም ስለ መንገዱ ያማርራል፤ መንገዱ ሲከፈት ግን ተመልሶ ይሳፈራል።

ደጀን ደርሰው ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ከታች፣ ድልድዩ ሳይደርሱ፣ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ አንድ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ተሰብሮ መንገዱን ዘግቶት ነበር። ከኋላውም ከፊቱም መኪና ተሰልፏል። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ሰው ወርዶ ጥላ ፈለገ፤ ገዳሙ ግን ከመቀመጫው አልተነሣም። ስምንት ሰዓት ሲሞላ ገና እዚያው ነበሩ። የአወቀ አውሮፕላን ተነሣ ማለት ነው።

«የት ነው የሚሄዱ፣ አባቴ?» አለችው ሴትዮዋ።

«ለንደን።»

ሴትዮዋ ከጫማው እስከ ባርኔጣው ተመለከተችው። «በዚህ ዱላ?»

«ዱላ ይከለክላሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ግን አይቸኩሉ። ባለፈው ዓመት የአክስቴን ልጅ ወደዚያው አገር ሸኝቼ ነበር፤ የሚነሣው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ቀን አይሄድም። ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ሦስትና አራት ሰዓት አስቀድመው ግቡ ይሏችኋል፤ ገብታችሁ መቀመጥ ነው፣ ልክ እንደ አሁኑ።»

«በሌሊት ፀሐይ አለች?»

«ምነው አባቴ፣ ሙቀቱ መታዎት እንዴ?» አለችና ውኃዋን አቀበለችው።

ገዳሙ ውኃውን ጠጣ፤ ከመንገደኛ ተቀብሎ ሲጠጣ ከስንት ዓመት በኋላ ነው። በልቡ አወቀን እየገላበጠ ያየው ነበር። ስልኩ ላይ ያለችው ቀጭን መስመር ተሳቢ የላትም፤ በግ የሚጭን የለባትም፤ አትቆምም። አንድ ሰው ሠላሳ ዓመት ልጅ ሲያስተምር ኖሮ መንገድ ማለት መስመር ይመስለዋል። ገዳሙ ስለዚህ ነገር ማሰብ ስለጣመው ሙቀቱን ረሳው።

ተሳቢው ተጎትቶ መንገዱ ሲከፈት ጥላው ተራራውን ግማሽ አልብሶት ነበር። ጎሃ ጽዮን ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ መታወቂያ አሳየ። ከዚያ በኋላ ገዳሙ ከመስኮቱ ዓይኑን አላነሣም። ፀሐይዋ ከስንዴው ማሳ ጫፍ ላይ ቀላች፣ ተጠፈጠፈች፣ ቀጠነች። ገርበ ጉራቻ ሲገቡ ጠለቀች።

«ወራጅ አለ!» አለ ገዳሙ።

ሾፌሩ በመስታወት አየው። «አዲስ አበባ ገና ነው፣ አባት።»

«ለእኔ አልቋል።»

ተሳፋሪው ዳግመኛ ሳቀ፤ ገዳሙም በዚህኛው ሳቅ አልተቀየመም። ለንደን ቀርቶ አዲስ አበባ አልደረሰም። አንድ መኝታ ቤት ተከራይቶ፣ አወቀ ይህን ሲሰማ የሚያሳየውን ፊት እያሰበ፣ ጥሩ እንቅልፍ ተኛ።

በማግስቱ ሲመለስ ደብረ ማርቆስ ወረደና በቀጥታ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሄደ። ሂዊ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ከባንኮኒው ኋላ ነበረች። ደንበኛ እስኪወጣ ጠበቀና ዱላውን ባንኮኒው ላይ አጋደመ።

«መንገዱን ቀምሼው መጣሁ» አለ።

«አባዬ! እንዴት፣ የት ድረስ ሄዱ?»

«ገርበ ጉራቻ። ፀሐይ ገባችብኝና ወረድኩ። ያ ሰውዬ በስልክ ለንደን ያደርሰኛል፤ እኔ ገና ጫንጮን አላለፍኩም። እዚያ ብትታመሚ ማን ይደርስልሻል? እኔ ስደርስ ድንኳን ሊነቀል ነው? አይሆንም። እሑድ ሲመጡ ነገሩ አለቀ እላቸዋለሁ።»

ሂዊ አልተቆጣችም። የያዘችውን የመድኃኒት ካርቶን መደርደሪያው ላይ አስገብታ ዘወር አለች።

«እዚህስ ብታመም ይደርሱልኛል?» አለች።

«እዚህ? ከአማኑኤል ማርቆስ? በሬ ጠምጄ ውዬ እንኳ እደርሳለሁ።»

«በመስከረም ታምሜ ነበር። ታይፎይድ ነው፤ ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ።»

ገዳሙ ዱላውን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። «በመስከረም በተኩሱ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ነበር» አለ።

«ተዘግቶ ነበር። ስልክም እናንተ ጋ አይሠራም ነበር። አከራዬ ናት ያስታመመችኝ። እርስዎ ያን ጊዜ ከእኔ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነበሩ፤ ፀሐይዋ ዐሥራ አንድ ጊዜ ገባች።»

«አልሰማሁም! ሰምቼ ብሆን በእግሬም ቢሆን...»

«አውቃለሁ፣ አባዬ። አልሰሙም።» ሂዊ ድምፅዋን አልጨመረችም፤ ከጩኸቱ የባሰው ይህ ነበር። «የሰማ ሌላ ሰው ነበረ። አንሙት እንዳመመኝ በሰማ በማግስቱ ተሳፈረ። ከለንደን አዲስ አበባ ስምንት ሰዓት አልፈጀበትም፤ አቶ አወቀ በዚያ አልዋሹም። ከአዲስ አበባ እዚህ ግን መድረስ አልቻለም።»

«መጥቶ ነበር?»

«ዘጠኝ ቀን አዲስ አበባ ተቀመጠ። ፈቃዱ አለቀና ሳያየኝ ተመለሰ።»

አንድ ሰው ገብቶ የራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀ። ሂዊ ሰጠችው፤ ሰውየው ወጣ። ገዳሙ ባለበት ቆሟል።

«ሽማግሌዎቹ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«አያውቁም። አትንገሪ ብሎኛል፤ ያፍራል። 'መጥቶ ሳይደርስ የተመለሰ' ተብሎ በሽማግሌ አፍ ይነገርለት? እርስዎ ፊት? እርስዎ መንገደኛን ምን እንደሚሉት አገር ያውቃል።»

ገዳሙ አንድ ስድብ ፈለገ፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት መንገደኛ አንድ አንድ ነበረው። ለዚህኛው አልተገኘለትም።

«የት ነበር የሚያድር?» አለ በመጨረሻ።

«መናኸሪያው አጠገብ አንድ አልጋ ይዞ። በየጠዋቱ እየሄደ ዛሬ መኪና አለ ወይ ይላል። የለም ይሉታል። ረዳቶቹ ስም አውጥተውለት ነበር አሉ።»

«ማን ብለው?»

«አልነገረኝም።»

ገዳሙ ዱላውን ይዞ ወጣ። ደጁ ላይ ቆም ብሎ ወደ ውስጥ ተመለከተና «አሁን ዳንሽ?» አለ።

«ድኛለሁ» አለች።

ቤቱ ሲገባ ጥሩብርሃን ምን እንደ ሆነ ጠየቀችው። ገርበ ጉራቻ ስለ መድረሱ ነገራት፤ የበረሃውን ተሳቢ ነገራት፤ የቤሩቷን ሴትዮ አነጋገር እየቀዳ አሳቃት። የሂዊን ነገር ሲነግራት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር። ጥሩብርሃን ብታለቅስ «አሁን ድና ሳለ ምን ያስለቅስሻል፣ ሞኝ» አላት። ሌሊቱን እሱ አልተኛም።

በሦስተኛው እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አወቀ ከመቀመጡ በፊት ስልኩን አውጥቶ ነበር።

«አቶ ገዳሙ፣ ወሬው ደርሶናል፤ ገርበ ጉራቻ ፀሐይ ገባችብዎት። ጥፋቱ የመንገዱ ምርጫ ነው። አዲስ ስሌት ይዤ መጥቻለሁ። በባሕር ዳር በኩል በአውሮፕላን ከሆነ...»

«ስልክህን ክተት» አለ ገዳሙ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ይስሙኝ፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት እንኳ...»

«ክተተው አልኩህ። አውሮፕላኑ የሚነሣው እኩለ ሌሊት ነው። ይህን አንዲት ሻንጣ ያቀፈች ሴት ታውቀዋለች፤ አንተ አታውቀውም።» አወቀ ስልኩን ኪሱ ከተተ፤ ከዚያም የሚያደርግበት ስላጣ እጁን አብሮ ከተተው። «ስሌትህን ንቄዋለሁ። አንተንም ከስሌትህ ጋር። ልጁን ግን አልናቅሁም። ሂዊን ለአንሙት ሰጥቻለሁ።»

መሳፍንት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አወጣ። «እሰይ!» አለ፤ ብቻውን መናገሩን ሲያውቅ ግን ደነገጠ።

አወቀ ጉሮሮውን ጠረገ። ነገሩ በእሱ እጅ እንዳለቀ ለጉንደ ወይን ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያወራው ከወዲሁ እያሰበ መሆኑ ከፊቱ ይነበብ ነበር።

«መሐላውስ፣ ልጄ?» አሉ ቄስ ወልደ ገብርኤል። «በእኔ ፊት የማልከው?»

«መሐላው የተሳሳተ ነው። መድረስ አለመድረስ በሰዓት የሚለካ መስሎኝ ነበር። ቀኖናውን ይስጡኝ፣ አባ።»

«ምን አገኘህና ነው ሐሳብህ የተለወጠ?»

ገዳሙ አወቀን አየ፤ በዚህ ሰው ፊት የሚነገር ነገር አልነበረም። «መንገዱን ቀመስኩት» አለ ብቻ።

ቄሱ ጥቂት አስበው ሰባት ቀን ጾምና በየቀኑ አርባ ስግደት አዘዙት። ገዳሙ መስቀሉን ተሳለመ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ገዳሙ ስግደቱን በጨረሰ ማግስት ደብረ ማርቆስ ወረደና ከፎቶ ቤቱ ኮት ተውሶ ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶ ተነሣ።